ራውተሩ ቀፊራ አልሄደም

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል ይህን ይመስላል፦ «ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ከተዛወርኩ አራት ወሬ ነው። ሳቢያን አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሐረር ስጠቀምበት የነበረውን በሲም የሚሠራ ራውተር ይዤ መጥቻለሁ። አድራሻዬን ከእናቴና ከአንዲት ጓደኛዬ በቀር ማንም አያውቅም። ሆኖም የተለያየሁት እጮኛዬ ባለፈው ወር ‹ሳቢያን ተመቸሽ?› ብሎ ጻፈልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ‹ቀፊራ ምን ልትገዢ ነው?› አለኝ፤ በዚያ ሰዓት በእርግጥም ቀፊራ ገበያ ነበርኩ። ስልኬን የገዛልኝ እሱ ነው፤ ጂሜይሉን የከፈቱልኝ ሞባይል ቤት ናቸው። ጎረቤቴ ‹በሳተላይት ነው የሚያይሽ፣ ሎኬሽን አጥፊ፣ የዋይፋዩንም ስም ደብቂው› ይለኛል። ራውተሩን ልጣለው? ስልኩንስ ሞባይል ቤት ወስጄ ውስጡን ላስጠፋው?»

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ፤ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይበዛ በአራት ወር ውስጥ ሳትታዘቢ አልቀረሽም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ራውተሩ ልመልስልሽ ነበር የተቀመጥኩት፤ ሙያዬ እሱ ነው፣ እዚህ ከተማ ቤትና ቢሮ እየዞርኩ ኔትወርክ ስዘረጋ ነው የኖርኩት። ሁለተኛ ሳነበው ግን «ቀፊራ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። ራውተርሽ ቀፊራ አልሄደም። ቅዳሜ ከሰዓት ሳቢያን ቤትሽ ውስጥ እንደተሰካ ነው የዋለው። ሰውየው ቤትሽ ያለበትን ሰፈር ብቻ ቢያውቅ ኖሮ ጥርጣሬዬ ራውተሩ ላይ በወደቀ ነበር። በሰዓቱ ገበያ መሆንሽን ካወቀ ግን የሚከተለው ከአንቺ ጋር የሚዞረውን ነገር ነው፤ እሱም ስልክሽ ነው። በእርግጥ አንድ የሚያውቅሽ ሰው አይቶ ነግሮትም ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ቀፊራ ላይ የማይገናኝ ሰው የለም። እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ማንኛውንም ነገር ከመንካትሽ በፊት የጻፈልሽን መልእክቶች እንዳታጠፊ። በስልክሽ ስክሪንሹት ከማንሳት ይልቅ በጓደኛሽ ስልክ ካሜራ ገጹን አንሺው፤ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። በሌላ ስልክ ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በራስሽ ስልክ የምታነሺው ሥዕል ወዲያው ወደ ጉግል ፎቶስ ሊወጣ ይችላል፣ ጂሜይሉ በእሱም እጅ ካለ ማስረጃ መሰብሰብሽን ከአንቺ እኩል ያያል። ይህንንም መልስ ቢቻል በእሷው ስልክ አንብቢው። ሌላም አለ፦ ከዚህ በታች የምነግርሽን ስትፈጽሚ ሰውየው የሚያይበት ቀዳዳ ይዘጋል፣ መዘጋቱንም ያውቃል። አንዳንዱ ሰው ያን ጊዜ ይተዋል፣ አንዳንዱ ይብስበታል። አንቺ ጠባዩን ከእኔ በተሻለ ስለምታውቂው፣ ለምታምኚው ሰው ሳትነግሪ አትጀምሪ። በመልእክቱ ውስጥ ዛቻ ካለ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያው ይቅደም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላን ሰው ኮምፒውተር ያለ ፈቃድ መድረስን ብቻ ሳይሆን፣ መልእክት እየደጋገሙ በመላክ ወይም ግንኙነቱን በመከታተል ሰውን ማስፈራራትንም ወንጀል ያደርጋል። ስማርት ስልክም በሕጉ ዓይን ኮምፒውተር ነው።

ወደ ጂሜይሉ እንግባ። በእኛ አገር ስልክ የሚገዛ ሰው እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ጂሜይል ክፈቱልኝ፣ ቴሌግራም ጫኑልኝ» ይላል። ልጁም ሻይ ሳይበርድ ከፍቶ ይሰጠዋል። የይለፍ ቃሉ አንድም የደንበኛው ስልክ ቁጥር ነው፣ አንድም ሱቁ ለሁሉም የሚሰጠው ያው አንድ ቃል ነው። የእናቴን ላጫውትሽ። አንድ ቀን «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» ብላ ስልኳን አምጥታ ሰጠችኝ። የስም ዝርዝሯ «ጎማ ሠሪው»፣ «ጫት ጅግጅጋ»፣ «የዲኮሩ ልጅ» በሚሉ፣ በሕይወቷ አይታቸው በማታውቅ ሰዎች ተሞልቷል። ለካ ስልኩን የሸጠላት ሱቅ አንድ ጂሜይል ከፍቶ በዚያችው በአንዷ የስንቱን ደንበኛ ስልክ ሲያስጀምር ኖሯል! የእሷ ቁጥሮችም፣ የእኔ ጭምር፣ በማናውቃቸው ሰዎች ኪስ እየዞሩ ነበር። በጣም ሳቅን። ማታ ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩ አላስቀኝም፤ ያንን የይለፍ ቃል የያዘ ማንኛውም ሰው እናቴ የት እንዳለች ካርታ ላይ ማየት ይችል ነበር።

ይህ የሚሆነው በስለላ መሣሪያ አይደለም። ጉግል የጠፋ ስልክ ማፈላለጊያ አለው፤ ቀድሞ ፋይንድ ማይ ዲቫይስ ይባል ነበር፣ አሁን ፋይንድ ሃብ ብለውታል። ስልኩን ባጃጅ ውስጥ የረሳ ሰው በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ጂሜይሉን ያስገባና የስልኩን ቦታ ያያል፣ ያስጮኸዋል፣ ካስፈለገም ከሩቅ ውስጡን ያጠፋዋል። የተሠራው ለደግ ነገር ነው። አገልግሎቱ ግን የሚጠይቀው ባለቤቱ ይሁን ባለቤቱን የሚያሳድድ ሰው ሊለይ አይችልም፤ የሚያውቀው የይለፍ ቃሉን ብቻ ነው። ስልኩን የገዛልሽ ሰው ጂሜይሉ ሲከፈት አጠገብሽ ቆሞ ከነበረ የቀረውን መገመት አያዳግትም። ከሩቅ ማጥፋት እንደሚቻል ልብ በይ፤ ማስረጃውን አስቀድመሽ በሌላ ስልክ ያዢ ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው።

ለማረጋገጥ ሴቲንግ ውስጥ «ጉግል» የሚለውን፣ ከዚያ የአካውንቱን ማስተዳደሪያ፣ ቀጥሎም «ሴኩሪቲ» የሚለውን ክፈቺ። በዚህ ጂሜይል የገቡ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ ከነሞዴላቸውና ለመጨረሻ ጊዜ ከሠሩበት ቀን ጋር ተዘርዝረው ታገኛለሽ። ያንቺ ያልሆነ ስልክ እዚያ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ጓደኛሽ ፎቶ ታንሳው። ከዚያ የመጠባበቂያ ስልክ ቁጥርና የመጠባበቂያ ኢሜይል የሚሉትን እዪ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እዚያ የእሱ ቁጥር ከተመዘገበ የይለፍ ቃሉን ስትቀይሪ ብትውዪ «ረሳሁት» ብሎ በራሱ ስልክ ኮድ ይቀበልና ተመልሶ ይገባል። በሩን ቆልፈሽ መለዋወጫ ቁልፉን ለእሱ እንደ መተው ነው።

የእኔ ምክር የድሮውን ጂሜይል ማከም ሳይሆን መተው ነው። አዲስ ጂሜይል በራስሽ እጅ፣ ቤትሽ ተቀምጠሽ ክፈቺ፤ የይለፍ ቃሉ የትም ያልተጠቀምሽበት ረጅም ነገር ይሁን፣ መጠባበቂያው ያንቺና የእናትሽ ቁጥር ይሁን፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሪው። ቁጥሮችሽን ወደ አዲሱ አዛውረሽ አሮጌውን ከስልኩ አስወጪው። የባንክና የቴሌብር አገልግሎቶችሽ ከአሮጌው ጋር የተያያዘ ነገር ካላቸው አንድ በአንድ ቀይሪ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት ይፈጃል። የአይፎን ባለቤት ብትሆኚ ደግሞ ተመሳሳዩ ጣጣ በአፕል አካውንት በኩል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አይ ኦ ኤስ 16 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ «ሴፍቲ ቼክ» የሚባል አለ፣ ማን ምን እንደሚያይብሽ አሳይቶ እዚያው ያስቆምልሻል።

ጂሜይሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ሁለት ቦታ ፈትሺ። የመጀመሪያው ጉግል ማፕስ ነው፦ የራስሽን ምስል ነክተሽ «ሎኬሽን ሼሪንግ» የሚለውን ክፈቺ። በፍቅሩ ዘመን «ስትመጪ እንዳይህ» ተብሎ የተከፈተ መጋራት «እስክታጠፊው ድረስ» በሚለው ከተመረጠ ፍቅሩ ቢያልቅም አያልቅም። ሁለተኛው ዋትስአፕና ቴሌግራም ናቸው። የዋትስአፕ ቀጥታ መገኛ ቢበዛ ለ8 ሰዓት ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ የአራት ወሩ ምክንያት እሱ አይደለም። ነገር ግን «ሊንክድ ዲቫይስስ» በሚለው ሥር ያንቺ ያልሆነ ኮምፒውተር ካለ ለእናትሽና ለጓደኛሽ የምትጽፊውን ሁሉ ያነባል፤ «ቀፊራ ነኝ፣ የት ነሽ?» ብለሽ ለጓደኛሽ ጽፈሽ ከነበረ ካርታም አላስፈለገውም። ለዚህ የሚበቃው ስልክሽ አንድ ጊዜ በእጁ ገብቶ፣ በኮምፒውተሩ ላይ የምትወጣውን የኪውአር ኮድ በስልክሽ ካሜራ ማንበብ ነው። ቴሌግራም ውስጥም «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተሽ ከራስሽ በቀር ያለውን ሁሉ አስወጪ።

አሁን የሞባይል ቤቱ ጥያቄ። ስልኩን ማጽዳት ይቻላል፣ ድብቅ የክትትል መተግበሪያ ከተጫነበትም አብዛኛውን ጊዜ ይጠርጋል። የዚህ ዓይነት መተግበሪያ መኖሩን የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ፦ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ጎጂ መተግበሪያዎችን የሚፈትሸው «ፕሌይ ፕሮቴክት» ሳታውቂ ጠፍቶ መገኘቱ፣ «አክሰሲቢሊቲ» ወይም «ዲቫይስ አድሚን» የሚሉት ውስጥ የማታውቂው ስም መብት ይዞ መቀመጡ። ስሙ «ሲስተም ሰርቪስ» የመሰለ የማያስጠረጥር ነገር ነው የሚሆነው። ሆኖም ሦስት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ ማስረጃው አብሮ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ያዢው። ሁለተኛ፣ አሮጌውን ጂሜይል ከስልኩ ሳታስወጪ በጎን ቁልፎቹ ካጸዱልሽ፣ ስልኩ ሲነሣ የድሮውን ጂሜይል የይለፍ ቃል ካላስገባሽ አልከፈትም ይላል፤ ይህ የስርቆት መከላከያ ነው፣ የይለፍ ቃሉን የማታውቂ ከሆነ ግን ተቆልፎብሽ ትቀሪያለሽ። ሦስተኛውና ዋናው፣ አጽድተሽ ስታበቂ በዚያው ጂሜይል ተመልሰሽ ከገባሽ የለፋሽው በከንቱ ነው። ስለዚህ ራስሽ፣ በሴቲንግ በኩል፣ አዲሱን ጂሜይል ካዘጋጀሽ በኋላ አድርጊው። የሞባይል ቤት ልጆችን ለማማት አይደለም፤ ብዙዎቹ ጎበዝ ባለሙያዎች ናቸው። ግን ያመመሽ ነገር የይለፍ ቃልሽን ሌላ ሰው ማወቁ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን በሌላ ሰው እጅ መቀበል አይሆንም።

ጎረቤትሽ ስለ ሳተላይቱ ያለሽን በየቤቱ የምሰማው ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፦ ሰዓታቸውንና ያሉበትን እየተናገሩ ይዞራሉ። ስልክሽ ይሰማል እንጂ ወደ እነሱ የሚልከው አንዲት ቃል የለም። በሬዲዮ ዜና የሚያነበው ጋዜጠኛ ማን ቤት እየተደመጠ እንደሆነ እንደማያውቅ ሁሉ ሳተላይቱም ስለ አንቺ የሚያውቀው የለም። ቦታውን የሚያሰላው ስልክሽ ራሱ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ስልኩ ያሰላውን በኢንተርኔት ለሌላ ሲያቀብል ነው። ስለዚህ ሎኬሽን ማጥፋት ጥሩ ነው፣ ግን ጂሜይሉን የያዘ ሰው መልእክቶችሽን ማንበቡን አይከለክለውም፤ አንቺም ካርታ ባስፈለገሽ ቁጥር መልሰሽ ማብራትሽ አይቀርም።

ስለ ቴሌኮም ምሰሶዎችም አንድ ቃል። ስልክ እስከበራ ድረስ አንዱ ምሰሶ ላይ ተመዝግቦ ነው የሚኖረው፤ ካልሆነ ሲደወልልሽ የት እንደሚፈለግሽ ኔትወርኩ አያውቅም። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ምሰሶው የስልኩን ርቀት በ78 ሜትር ገደማ ደረጃ ይለካል። ይህን ሎኬሽን በማጥፋት አታቆሚውም። መረጃው ግን ድርጅቱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ የቀድሞ እጮኛ ከቤቱ ተቀምጦ የሚያየው አይደለም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የግል መረጃን ያለ አግባብ አሳልፎ መስጠት የሚያስጠይቅበት ሕግ አለ። ድሬዎች በምሰሶ በኩል ቀዳሚ ነን መቼም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የጀመረው እዚህ ነበርና ምሰሶ ከሁለት ወገን እናያለን። «ስልክ ቁጥር ጻፉ፣ ሰውየው ያለበትን እናሳያለን» የሚሉ መተግበሪያዎችን ግን አትመኚ፣ አትጫኚም፤ ቁጥር ብቻ ይዞ የሰውን ቦታ የሚያሳይ ለሕዝብ የተከፈተ መተግበሪያ የለም። የሚሰበስቡት የጫኚውን የራሱን መረጃ ነው።

ራውተሩን አትጣዪው። ቀፊራን ባያውቅም ሳቢያንን ሊናገር የሚችልባቸው ሁለት መንገዶች አሉት፣ ሁለቱም የሚዘጉ ናቸው።

የመጀመሪያው በጣም ቀላል ስለሆነ ሰው አያስበውም። ሰውየው ሐረር ቤትሽ ሲመጣ ስልኩ የዋይፋይሽን ስምና የይለፍ ቃል መዝግቧል። አንቺ ራውተሩን እንዳለ አምጥተሽ ሰክተሻል፤ ስሙም ያው፣ የይለፍ ቃሉም ያው። እንግዲህ ሳቢያን መግባትሽን ከሰማ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በየመንገዱ ቀስ እያለ መዞር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። በርሽ አጠገብ ሲደርስ ስልኩ ማንንም ሳያስፈቅድ ይገናኛል፤ ከላይ የዋይፋይ ምልክቷ ብቅ ትላለች፣ በጨመረችበት አቅጣጫ ይራመዳል። ባይገናኝ እንኳ በዝርዝሩ ውስጥ የለመደውን ስም ያያል፤ ስንቱ ሰው ነው የራሱን ወይም የልጁን ስም ለዋይፋዩ የሚሰጠው! የብሎኬት ግድግዳ የዋይፋዩን ሞገድ ያዳክመዋል እንጂ አያስቀረውም። በዚያ ላይ በሲም የሚሠራ ስለሆነ «ኔትወርክ ይስብ» ብለሽ መስኮት ላይ ሳታስቀምጪው አትቀሪም፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ መስኮቱ ክፍት ነው። ዛሬውኑ ስሙንም የይለፍ ቃሉንም ቀይሪ። አዲሱ ስም አንቺን፣ ሐረርን ወይም ሥራሽን የማይነካ ይሁን።

ሁለተኛው ጠለቅ ይላል፤ ሐረር ስለኖርሽ በምታውቂው ቦታ ላስረዳሽ። ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር ቁልቁል ስትወርጂ፣ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ግራና ቀኝ እያንኳኩ፣ ስልክሽ ላይ ካርታ ክፈቺ። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ግራና ቀኙ ግንብ ስለሆነ የሳተላይቱ ድምፅ እየተጋጨ ነው የሚደርሰው፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ግንብ ዘላ የሰው ግቢ ትገባለች። ጥቂት ቆይታ ግን ትረጋለች። ያረጋጋት በየቤቱ ያለው ዋይፋይ ነው። እያንዳንዱ ራውተር በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል «እዚህ አለሁ» እያለ ስሙንና የፋብሪካ መለያውን ይጮኻል፤ መለያው የማክ አድራሻ የሚባለው ነው፣ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር። ሎኬሽን ከፍተው የሚያልፉ ስልኮች ይህን ጩኸት ሰምተው «ይህ መለያ እዚህ ቦታ ተሰማ» ብለው ለጉግልና ለአፕል ያቀብላሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላው ስልክ ሰማይ ሳያይ በዙሪያው በሚሰማቸው ራውተሮች ብቻ ያለበትን ያውቃል። ራውተሩ ምንም አልመዘገበም፣ አንቺም ምንም አልፈቀድሽም፤ የመዘገበው በደጅሽ ያለፈው የባጃጅ ሾፌር ስልክ ነው።

ችግሩ ራውተር ቤት ሲቀይር መለያው አለመቀየሩ ነው። በደንገጎ ቁልቁለት ይዘሽው ስትወርጂ መለያው አብሮ ወርዷል፤ ሳቢያን ከተሰካ በጥቂት ቀናት ውስጥ መዝገቡ ላይ አድራሻው ከሐረር ወደ ድሬ ይዛወራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኤሪክ ራይና ዴቭ ሌቪን የአፕልን መዝገብ ከውጭ ሆነው እየጠየቁ ከ2 ቢሊዮን በላይ የራውተር መለያዎችን ከነቦታቸው መሰብሰብ መቻላቸውን አሳይተዋል፤ ዩክሬንና ጋዛ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎችን ጭምር ተከትለዋል። እንግዲህ መለያሽን የሚያውቅ ሰው በመርህ ደረጃ አዲሱን ቦታሽን ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ራውተሩን ገልብጪው፤ ከሥሩ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ «ማክ» ተብሎ የተጻፈው ያ መለያ ነው፣ ወይም ከእሱ በአንድ ሁለት ፊደል የሚለይ። እሱ ራውተሩን የገጠመልሽ ከሆነ ያችን ወረቀት በፎቶ ይዟት ይሆናል። ያንቺ ሰው ይህን ያህል ርቀት ሄዷል ብዬ አላምንም፣ ከዚህ የቀለለ መንገድ በእጁ አለና። መዝጊያው ግን አንድ ደቂቃ ስለሚፈጅ አትተዪው።

መዝጊያው በስሙ ውስጥ ነው። አዲሱን የዋይፋይ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፊ መጨረሻው ላይ የታች ሰረዝ አድርጊና «ኖማፕ» በይ፦ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኤ፣ ፒ፣ ሁሉም በትንንሹ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዚህ የሚያልቅን ስም ከመዝገቡ ያስቀራል፤ አፕል ይህን የተቀበለው በ2024 ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ የሚያከብረው የታች ሰረዝና «ኦፕትአውት» የሚለውን ነው፦ ኦ፣ ፒ፣ ቲ፣ ኦ፣ ዩ፣ ቲ፤ እሱ ስሙ መሐል ቢገባም ይሠራል። ስለዚህ ኦፕትአውቱን አስቀድመሽ ኖማፕን የመጨረሻ አድርጊው፤ አንድ ስም እስከ 32 ፊደል ስለሚይዝ ሁለቱም ይበቃሉ። ያየሽ ጎረቤት «ይህ ምን ዓይነት ስም ነው?» ይልሻል፣ ይበል።

ጎረቤትሽ «ስሙን ደብቂው» ያለሽን ግን አታድርጊው። ስሙ ቢደበቅም ራውተሩ መለያውን መጮኹን አይተውም፤ የሚጠፋው ስሙ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ የተደበቀ ስም የሚፈልግ ስልክ በሄደበት ሁሉ «እገሌ አለህ ወይ?» እያለ ይጣራል፤ የቤትሽን የዋይፋይ ስም ቀፊራ መሐል ይዘሽ እየጮኽሽ እንደ መሄድ ነው።

የቀረውን ባጭሩ። የይለፍ ቃሉ ስልክ ቁጥር አይሁን፤ በ09 የሚጀምሩት ቁጥሮች ቢደመሩ 100 ሚሊዮን ናቸው፣ ለሰው ብዙ ይመስላል፣ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። አራት አምስት የማይገናኙ ቃላት ደርድሪ። ደብሊው ፒ ኤስ የሚባለውን፣ በይለፍ ቃሉ ፋንታ በአጭር ቁጥር የሚያስገባውን ማገናኛ አጥፊ፤ ባለ 8 አኃዝ ቁጥሩን መገመት ከ11,000 ሙከራ በላይ እንደማይፈጅ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሆኗል። የራውተሩን የራሱን መቆጣጠሪያ ገጽ የይለፍ ቃልም ቀይሪ፤ ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ነው፣ ብዙ ቤት እስካሁን «አድሚን» እንደሆነ ነው የማገኘው። በቀዳዳዋ መርፌ አስገብተሽ ራውተሩን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ከመለስሽው ስሙና የይለፍ ቃሉ ያችው ወረቀት ላይ ወደተጻፉት ይመለሳሉ፤ ወዲያው ቀይሪያቸው። በስልክ መስመር ወይም በፋይበር የምትጠቀሙ አንባቢዎች ግን ቀዳዳዋን አትንኩ፤ የመስመሩ መለያ ይጠፋና ኢንተርኔት ተቋርጦባችሁ 994 ስትደውሉ ትውላላችሁ።

ስልኩ ላይም አንድ የተረሳ ማብሪያ አለ። በአንድሮይድ ዋይፋይ ብታጠፊም «ዋይፋይ ስካኒንግ» የሚባለው ሎኬሽን ውስጥ ለብቻው በርቶ ይቆያል፤ ከብሉቱዙ አቻው ጋር አጥፊው። መተግበሪያዎችም ቦታሽን ካስፈለጋቸው «ስጠቀምበት ብቻ» በሚለው ይወሰኑ፤ የእጅ ባትሪና የካልኩሌተር መተግበሪያ ደግሞ ጨርሶ አያስፈልጋቸውም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ አዲስ ጂሜይል ከፍተሽ፣ ስልኩን አጽድተሽ፣ ሰውየው አሁንም ያለሽበትን ካወቀ፣ የያዝሽውን ሁሉ ፈትሺ። የቁልፍ መያዣ የምታክል፣ በብሉቱዝ የምትሠራ መከታተያ በቦርሳ ገበር ውስጥ ትደበቃለች። ሴቲንግ ውስጥ «ሴፍቲ» በሚለው ሥር «አንኖውን ትራከር አለርትስ» የሚል አለ፤ አብርተሽ በእጅሽ አስፈትሺው፣ ከዚያ ቦርሳውን ገልብጠሽ ገበሩን በጣትሽ ዳብሺ። እሱ የሰጠሽን ስጦታ በተለይ።

እሱም ባዶ ከሆነ አንድ ቅዳሜ ስልኩን ቤት ትተሽ፣ ቦርሳ ቀይረሽ፣ ከጓደኛሽ ጋር ሆነሽ ገበያ ውጪ። ያን ቀን «ዛሬ ቤት ዋልሽ?» የሚል መልእክት ከመጣ ስልኩ አሁንም ያወራል፤ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እንፈልጋለን። «ቀፊራ ታየሽ» የሚል ከመጣ ግን የሚያወራው ሰው ነው፤ አድራሻሽን የምታውቀው ጓደኛሽ ለማን ምን እንዳለች በእርጋታ ጠይቂያት፣ ፎቶዎቹንም ይዘሽ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሂጂ።